ሦስተኛው ጥያቄ

ደራሲዋን ከእንቅልፏ ያነቃት መጽሐፍ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ከጓዳዋ ወጥታ ሳሎን ስትደርስ፣ ታላቅ እህቷ በሌሊት ልብሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ከልጇ ትራስ ስር የመዘዘቻቸውን ሦስት መጻሕፍት የሽንኩርት መያዣ ላስቲክ ውስጥ ስታጭቅ አገኘቻት። የአንደኛው ሽፋን ተገንጥሏል። ሦስቱንም የጻፈቻቸው ራሷ ደራሲዋ ናት። እህትየዋ ቀና ብላ አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች፤ ከወለሉ ጋር የምታወራ ይመስል፣ «ሰው ልጁን ወተት ያጠጣል፤ እኔ ነገር አጠጣኋት። እቤቴ አስገብቼ፣ አልጋ ዘርግቼ፣ በገዛ እጄ!» አለች። ላስቲኩን ቋጥራ ከበሩ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ቅርጫቱ ውስጥ አልከተተችውም፤ አጠገቡ ነው ያስቀመጠችው። ያም በእህትነት ያደረገችው ነው።

«ደራሲዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት የእህቷ ባል ነው። ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ ያድራል፤ እቤት ባደረ ቀን ግን ቀልድ አያልቅበትም። ሳህን ሲሰበር «ደራሲዋ ናት»፣ ሾርባው ላይ ጨው ሲበዛ «ደራሲዋ ሐሳብ ይዟት ሄዶ ነው» ይላል። ስሙ እንደ ቀልድ ተጀምሮ በዚያው ጸና። ከሰዓት በኋላ አንድ አሳታሚ ቤት የሰው ጽሑፍ ታርማለች፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ በጓዳዋ ውስጥ፣ ከዱቄት ማስቀመጫው ጎን ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ንቢቱ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ታሪክ ትጽፋለች። ንቢቱ የባለሥልጣን ቢሮ በመስኮት ትገባለች፣ የተደበቀ ሰነድ ትገለብጣለች፣ ትያዛለች፣ ፊቷ ላይ መብራት ይበራባታል፣ አትናገርም። ታዳጊዎች ይወዷታል። ደራሲዋ ራሷ ግን በዕድሜዋ ሙሉ ወረፋ ሳትይዝ አንድም ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ መታወቂያ ለማሳደስ እንኳ ሌሊት ስትገላበጥ ታድራለች። ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለ ድፍረት የሚጽፍ ሰው ደፋር ይመስላልና።

ችግሩን ያመጣችው የእህቷ ልጅ ናት፤ ቅመም ይሏታል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷ የሚያቃጥል ልጅ ናት፤ ቤቱ ግን ያለሷ አልጫ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ ከመሰለፉ በፊት፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች። ወረቀቱ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ አዲሱ የውሃ ታንከር ውስጥ ያለው ውሃ ለመጠጥ እንደማይሆን ይናገራል። ቀኑ ሲታይ ከተጻፈ አምስት ሳምንት አልፎታል። በነዚያ አምስት ሳምንታት የታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲላኩ «ወረርሽኝ ነው» ይባል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አኑሮት የነበረው ታንከሩን የሚመርቅ አንድ ትልቅ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ስለተባለ ነው። አሁን ቧንቧዎቹ በሰንሰለት ተቆልፈዋል፤ ምረቃውም «ላልተወሰነ ጊዜ» ተላልፏል። ቅመምም ወላጅ ይዛ እንድትቀርብ ተብላለች።

«አራት ሰዓት ላይ ነው» አለች እህትየዋ፣ ተነስታ ጉልበቷን እያራገፈች። «የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«እና ማን? አባትየው መንገድ ላይ ነው። እኔ እዚያ ገብቼ ከማልቀስ በቀር ምን አውቃለሁ? አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ። ያስገባሻት አንቺ፣ አውጫት አንቺ። ልጄ ከትምህርት ቤት ተባርራ ብትመለስ ግን…» ቀሪውን አልተናገረችውም። ደራሲዋ ግን የጓዳዋን በር፣ ጠረጴዛዋን፣ ስምንት ዓመት ያለ ኪራይ የኖረችበትን ጥግ በዐይኗ ዞር ዞር ብላ አየች። እህትየዋም ስታይ አየቻት። ሻይ ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ የዳቦ ዋጋ እንደገና መጨመሩ ተነገረ፤ «ዋጋው ጨምሮ መጠኑ ቀንሶ» ተባለ፣ ሳቅ የለም።

መንገድ ላይ ቅመም ከአክስቷ ክንድ ጋር ተቆላልፋ ትሄድ ነበር። ታክሲው ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ሆነው ተጣበው ሳለ፣ አፏን ወደ አክስቷ ጆሮ አስጠግታ፣ «አክስቴ፣ እሷን ብቻ እንዳታነሺብኝ» አለቻት። «እሷ» የቢሮዎቹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ቅመም ምስጢሩን ያወጣችው ከትናንት በስቲያ፣ ዕቃ ሲያጥቡ ነው፤ ለእናቷም፣ ለጓደኞቿም አልተናገረችም፣ ለአክስቷ ብቻ። ጽዳቷ ማንበብ በቅጡ አትችልም፤ ግን ዐይን አላት። ርዕሰ መምህሩ ከአንድ ቀን ጀምሮ የቧንቧ ውሃ ትቶ የታሸገ ውሃ በካርቶን ማስገባት እንደጀመረ፣ በዚያው ቀን አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ታችኛው መሳቢያ ውስጥ እንደከተተ አስተውላለች። የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ የሁለት ዳቦ ነው፤ ሰው ያለ ነገር እንዲህ አያባክንም። ጽዳቷ ራሷ ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻት፤ ልጅቷም ሆዷን ታማ ከርማለች። አንድ የምሳ ሰዓት ላይ የቢሮውን በር ከፍታ ቅመምን «ነይ አንብቢልኝ፣ ምን ይላል?» አለቻት። ነገሩ ከዚያ ነው የተነሳው።

«እኔ አነሳብሻለሁ ብለሽ ነው?» አለች ደራሲዋ።

«እንጃ፣ እንዲያው። ንቢቱ ብትሆን ምንም እንደማትናገር አውቃለሁ፤ አንቺ ደግሞ ንቢቱን የፈጠርሻት ነሽ።» ልጅቷ ይህን ያለችው በፍጹም እምነት ነው፤ ያ እምነት ደራሲዋን ከታክሲው ሙቀት ይበልጥ ላብ በላብ አደረጋት።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሰፊ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ የጠረጴዛ ልብስ፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ የሩጫና የኳስ ዋንጫዎች። ጠረጴዛው ላይ አራት ያልተከፈቱ የውሃ ጠርሙሶች ከነብርጭቋቸው ተቀምጠዋል። ቅመም ውጭ እንድትጠብቅ ተነገራት። ከርዕሰ መምህሩ ግራ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ፣ ከቀኙ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው መምህር ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ መምህሩ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ። ደራሲዋ ጩኸት ጠብቃ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ግን ድምፁ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ጨዋ ሰው ሆኖ አገኘችው።

«እኔ ልጅቷን አልጠላትም» አለ። «እንዲያውም ጎበዝ ናት። ልጅ ናት፣ ሰው ተጠቅሞባታል። የተቆለፈ ቢሮ ተከፍቶ፣ የመንግሥት ሰነድ ወጥቶ፣ ይሄ ነገር ሕግ ቦታ ቢደርስ ለልጅቷ የሚሆነውን እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቁታል፤ የሚጽፉት ስለዚህ ጉዳይ ነው አሉ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን ከፈተላት? ይህን ካወቅን ልጅቷ በማስጠንቀቂያ ታልፋለች። ካላወቅን ግን ጥፋቱ ሁሉ የሷ ነው፤ ዛሬውኑ መሸኛዋን እንጽፋለን። እሷን ጠይቀናት ጥርሷን ነክሳለች። እርስዎ ግን አክስት ነዎት፤ ልጅ ለአክስቷ የማትነግረው የለም።»

ደራሲዋ ስለ ውሃው መናገር ትችል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስታዘጋጀው የቆየችው ንግግር ነበራት፤ «ወረቀቱን የለጠፈው ይጠየቅ ከተባለ የደበቀውስ?» የሚል ነበር፣ መቼም ሲጻፍ ያምራል። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው «ልጅ ናት እኮ፣ ይቅርታ ይደረግላት» የሚል፣ ከራሷ የማትጠብቀው ቀጭን ድምፅ ነው።

«እንግዲያው ላግዝዎት» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የዚህ ቢሮ ቁልፍ ከኔ ሌላ በሦስት ሰው እጅ ነው ያለው። ስም እንዲጠሩ አላስቸግርዎትም። ዘበኛው ነው?»

«ኧረ አይደሉም! እሳቸው ምን በወጣቸው።» ይህን ያለችው ሳታስብ ነው፤ ሽማግሌው ጠዋት በር ላይ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም ብለዋታል።

«ጸሐፊዬ ናት?»

«አይደለችም። እሷም አይደለችም።»

«ጽዳቷስ?»

ቃሉ አንድ ብቻ ነው። ሁለቴ እንደ ትንፋሽ ቀሎ ወጥቶላታል። ሦስተኛውን ልትል ስትል ግን አእምሮዋ ከምላሷ ቀደመ፦ ሦስቱም አይደሉም ካልኩ «ታዲያ ማን?» ይለኛል፤ ከዚያ የመሸኛ ወረቀት፣ ከዚያ እህቴ በር ላይ። እጇ ወደ ፊቷ ወዳለው ጠርሙስ ሄደ። የክዳኑ ቀለበት ጠረር ብሎ ተቆረጠ። ወደ ብርጭቆው ቀዳች፣ ጠጣች፤ ጠብታ ሳታስቀር፣ እንደ ተጠማ ሰው ጠጣችው። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፎ ጨርሷል። ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ መምህሩ እስክሪብቶውን ማሽከርከር አቆመ። አራተኛ ጥያቄ የጠየቃት የለም።

«እናመሰግናለን» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ከልቡ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ የሦስተኛውን መጽሐፏን አንድ ቅጂ አወጣ። «ልጄ በርስዎ መጽሐፍ ታብዳለች። ካላስቸገርኩ ቢፈርሙላት?» እስክሪብቶውን አቀበላት። «ለደፋሯ አንባቢዬ» ብላ ፈረመች፤ ሁልጊዜ የምትጽፈው እሱን ነው፣ ሌላ አልመጣላትም።

ቅመም ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከአግዳሚው ላይ ዘላ ተነሳች። አክስቷ የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ስታሳያት ደስታው ፊቷን ሞላው፤ ወዲያው ግን ጠወለገ፤ «ነገርሻቸው እንዴ?» አለች።

«የማንንም ስም አልጠራሁም።»

እውነቷን ነው። አንድ ፊደል አላወጣችም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጇን ብታስጭናት ትምላለች። እውነት ሆኖ እንዲህ አፍ ውስጥ የሚመር ቃል ግን በዕድሜዋ ተናግራ አታውቅም። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «አውቄ ነበር! አውቄ ነበር እኮ!» እያለች። በዚያው ቅጽበት ከደረጃው ስር አንዲት ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ባልዲ ይዛ ብቅ አለች፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች። ቅመምን ስታይ ሰው እንዳያያት ዞር ዞር ብላ መጥረጊያዋን ከፍ አደረገች፤ «እንዴት ሆነ?» እንደማለት። ቅመምም አውራ ጣቷን ከፍ አደረገችላት። ደራሲዋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ግን ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር።

ልጅቷን ለእህቷ አስረክባ ወደ ሥራዋ ሄደች። አሳታሚው ቤት ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ በመጽሐፍ ክምር ተሞልቶ ሰው በጎን ነው የሚያልፍበት። አሳታሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ነው። የዚያን ቀን ደስ ብሎታል፤ የአራተኛው መጽሐፍ የሙከራ ሕትመት ደርሷል። «ነይ ነይ፣ የጀርባውን ሽፋን ተመልከቺ። ከውስጥ የመረጥኩት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ይሄን ሳነብ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አንዱን ባለሥልጣን ሄጄ ልሰድበው አማረኝ።» ወረቀቱን ዘረጋላት። በትልቅ ፊደል፣ በቀይ፦ «ያመነኝን ሰው ስም ከአፌ የሚያወጣ ጉልበት ገና አልተፈጠረም!»

«ይሄ ይውጣ» አለች።

«ምኑ?»

«ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። ከጀርባውም ከውስጡም።»

«አብደሻል እንዴ? መጽሐፉን የሚሸጠው እሱ እኮ ነው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። ምነው? ገጸ ባሕሪዋ እንዲህ አትልም ልትይኝ ነው?»

«እሷ ትላለች» አለች ደራሲዋ። «እሷማ ትላለች።»

አሳታሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አግኝቶ ወደ ዐይኑ አወረደው፤ አያት፤ «አሞሻል» አለ። «ሂጂ አረፍ በይ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ይቀመጣል።» ተከራክራ አታሸንፈውም፤ ደግሞስ ምን ብላ? ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ቤት የሚወስደው ታክሲ በግራ ነው፤ እግሯ ግን ወደ ቀኝ ወሰዳት። ለምን እንደምትሄድ አታውቅም ነበር፤ ወይም ታውቃለች፣ ግን ለራሷ አልነገረችውም። አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት መልስ እንዳልሆነ፣ ሰውየውም እንዳልገባው፣ ነገሩም ውሃ በልቶት እንደቀረ ለማየት ፈልጋ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳጥናቸው በር ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበሉ ነበር። ተማሪው ወጥቶ አልቋል።

«ምነው ተመለሱ? የረሱት ነገር አለ?»

«አይ፣ በዚህ ሳልፍ ነው። ደህና ዋሉ ጋሼ?»

«ምን ደህንነት አለ ብለው ነው። ጽዳቷን አሰናበቷት እኮ። ከምሳ በኋላ ጠርተው ወረቀት ሰጧት። አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሰው! ባልዲውን እንኳ እንድትደፋ አልጠበቋትም። ልጇን ከክፍል አስወጥታ፣ የሥራ ጫማዋን በላስቲክ ቋጥራ፣ በዚህ በር ወጣች። እኔንም ‹ደህና ይሁኑ፣ አባባ› ብላኝ።» ዳቦውን ማኘክ አቁመዋል። «እሷ የማንን ሰው ነካች? በጀርባዋ የሚያልፍ ሰው እንዳያዳልጠው ‹ቀስ› የምትል ሴት።»

«ማን ነገረባት ይባላል?» አለች ደራሲዋ። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ነውሩ ለራሷም ተሰማት።

«ማን ይሆናል? ያቺው ልጅ ናት እንጂ! ወረቀት የለጠፈችው። ራሷን ለማዳን ሰጠቻት ነው የሚሉት፤ ተማሪው ሁሉ ሲያወራው ነው የዋለ። እንግዲህ ልጅ ናት፣ አስጨንቀዋት…» ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ የማን አክስት እንደሆነች ትዝ አላቸው። ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ አቀረቀሩ። «ይቅር ይበሉኝ። አፍ ሲያመልጥ።»

ደራሲዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅርታውን መቀበሏ ይሁን አለመቀበሏ ግን ለሽማግሌው አልገባቸውም። ከዚያ እስከ ቤት በእግሯ ሄደች፤ አርባ ደቂቃ። እንዴት አድርጋ እንደምትናገረው በየመንገዱ ስታስተካክል፣ አንዱን ቃል ስትሰርዝ ሌላውን ስትተካ፣ በር ላይ ስትደርስ ሁሉም ጠፋባት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቅመም ግን ከሁሉ ቀድማ ሰምታለች። ሳሎኑ ወለል ላይ፣ ሶፋውን ተደግፋ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች፤ ዐይኗ አብጧል። የክፍሏ ልጆች የጻፉትን ለአክስቷ ዘረጋችላት። «ንቧ ማር ያበላቻትን ነደፈች» ይላል አንዱ። ሌላው ምንም ቃል ሳይጨምር የአንድ ባልዲ ሥዕል ልኳል። እህትየዋ ሾርባ እያማሰለች ከወጥ ቤቱ፣ «ተይው አልኩሽ፤ ነገ ይረሱታል። አልተባረርሽም፣ ተመስገን በይ» ትላለች።

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለች ቅመም። «እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ እንዳልተናገርኩ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገ አብረን እንሂድና ንገሪያቸው። ለሷም ንገሪያት። እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው አሁን፤ እኔ ነኝ ብላ…» ቀሪውን ለቅሶ ዋጠባት።

ደራሲዋ እንደቆመች፣ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን?»

«አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ዘበኛው ነው? አይደለም አልኩ። ጸሐፊዋ ናት? አይደለችም አልኩ። ጽዳቷስ ሲለኝ ውሃ ጠጣሁ።»

ልጅቷ አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። ሲገባት በፊቷ ላይ ያለፈውን ደራሲዋ በአራት መጽሐፍ ውስጥ ጽፋው አታውቅም፤ ቁጣ አልነበረም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ለቆ ሲያገኝ እንደሚያይ ዓይነት አስተያየት ነበር። «የማንንም ስም አልጠራሁም ብለሽኝ ነበር» አለች በዝግታ። ወጥ ቤት ውስጥ ማማሰያው ድስቱን መምታት አቆመ። እህትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፤ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ወንበር ስባ፣ «ደግ አደረግሽ» አለች ለታናሽ እህቷ። «ደግ አደረግሽ፤ የሰው ሰው ከገዛ ልጅ አይበልጥም። ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል።» የመጀመሪያውን ሾርባ ለሷ ቀዳችላት። ስምንት ዓመት እዚያ ቤት ስትኖር ቀድሞ የተቀዳላት ያን ቀን ብቻ ነው። ምስጋናው ከስድብ ሁሉ ከፋባት፤ እግሯ መቀመጥ እምቢ አለ።

ቅመም ተነሳች። ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ሹራቧን አጠለቀች። «ጫማሽን አታውልቂ» አለቻት አክስቷን። «እንሄዳለን።»

«የት ነው የምትሄዱት? ሾርባው…» አለች እናትየዋ። የመለሰላት የለም።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጅቷ ከፊት፣ አክስቷ ከኋላ፣ በመካከላቸው አሥር እርምጃ። ጠዋት ክንድ ለክንድ የተቆላለፉት ሴቶች እነዚህ ናቸው ቢባል ማንም አያምንም። ከአትክልት መሸጫው ኋላ፣ ከብየዳ ቤቱ ጎን፣ አንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ ስድስት የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ ለሁሉም አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ቅመም ሦስተኛውን በር አንኳኳች። ጽዳቷ ከፈተች። ያለ ሰማያዊ ሽርጡ ይበልጥ አጭር መሰለች። ከኋላዋ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የማባዛት ሰንጠረዥ፣ አልጋው ላይ ደብተር ዘርግታ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ይታያሉ።

«መጣሽ?» አለች ጽዳቷ፣ ለቅመም። እጇ ግን ከበሩ አልወረደም።

«እኔ አይደለሁም እትዬ። እናቴን! እኔ አልተናገርኩም። እሷ ናት…» ልጅቷ ዞራ በጣቷ አሳየች። «የነገርኳት ግን እኔ ነኝ። ለሷ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ጽዳቷ ቀና ብላ አሥር እርምጃ ራቅ ብላ የቆመችውን ሴት አየች። ደራሲዋ ጠጋ ብላ፣ «እውነቷን ነው። እሷን እንዳያባርሯት ብዬ ነው… አይደለም። ለራሴም ብዬ ነው። ነገ ሄጄ…» አለች። ነገ ሄዳ ምን እንደምታደርግ እንዳላወቀች ያን ጊዜ ታወቃት። ነገ ሄዳ ርዕሰ መምህሩን ምን ትለዋለች? የጠጣሁት ውሃ ተሳስቼ ነው?

«መጽሐፍ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?» አለች ጽዳቷ።

«እኔ ነኝ።»

«ይቺ ልጅ ደረጃው ስር ቁጭ ብላ በምሳ ሰዓት ታነብልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጨርሰን፣ ሁለተኛውን አጋምሰነዋል። ያን በር ፈርቼ ሳለሁ፣ ንቢቱን እያሰብኩ ነው የከፈትኩት።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በቀለላት። ሴትየዋ ነገሩን ገና ለራሷም እያሰበችው ያለች ትመስል ነበር። ከዚያ ለቅመም መንገድ ለቀቀችላት። «ልጅቷ ትግባ» አለች።

ቅመም ገባች። ወደ ኋላ አላየችም። በሩ ተዘጋ፤ በኃይል አይደለም፣ ብርድ እንዳይገባ ሰው እንደሚዘጋው፣ ቀስ ብሎ። ከውስጥ መጀመሪያ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ፣ ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ፣ ከዚያ ትንሿ ልጅ ስለ ሰባት ጊዜ ስምንት የሆነ ነገር ስትጠይቅ። ደራሲዋ ግቢው መሃል ቆመች። መሄድ ትችል ነበር፤ ልጅቷ መንገዱን ታውቀዋለች። ማንኳኳትም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም።

ቧንቧው አጠገብ አንዲት ጎረቤት ሳፋዋን በሁለት ጉልበቷ መሃል አድርጋ ልብስ ታጥባለች፤ ጠና ያለች፣ ክንዷ እስከ ላይ አረፋ የለበሰ። የገቡትንም የቀረችውንም ስታይ ቆይታለች።

«ዘመድ ነሽ?» አለቻት በመጨረሻ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኗ ነሽ?»

ደራሲዋ የተዘጋውን በር አየች። አሁንም ብርጭቆ ቢኖር ትጠጣ ነበር። አልነበረም።

«ከሥራዋ ያስባረርኳት እኔ ነኝ።»

የጎረቤቲቱ እጅ ሳፋው ውስጥ ቆመ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ተወችው። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ቦርሳዋን፣ ጫማዋን፣ መቆሚያ ያጡ እጆቿን። ጎኗ ላይ አንድ ባዶ በርጩማ ነበር፤ ሁለቱም አዩት።

«እንግዲያውስ ቁሚ» አለች ሴትየዋ፤ ወደ ልብሷም ተመለሰች።

ደራሲዋ ቆመች።